የጋሽ ቼን ጃኬት

ቃሊቲ፣ ረቡዕ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሩቴ፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱስ? በረዶ ጀምሯል ብለሽኛል። ካልሲ ደርቢ፤ እግሩ የሞቀ ሰው ግማሹን በሽታ አባሯል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። የቀረውን ደግሞ ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ቀስ ብለን እንደርስበታለን።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። ስልኩ ላይ ፊትሽ ይታየኛል፤ ፊትሽን እያየሁ ከአፌ የሚወጣው "ደህና ነኝ" ብቻ ነው። ከዚያ መሃል ላይ ይቋረጣል፣ አንቺ "ማሚ አይሰማም" ትያለሽ፣ እኔም ተመስገን ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ኑሪ ቅዳሜ ወደ ቻይና፣ ወደ ጓንዡ ይሄዳል። ታስታውሺው እንደሆነ አቃቂ በሰቃ ጫማ የሚሸጠው የስልጤ ልጅ ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ይመላለሳል። አንቺ ካለሽበት በባቡር መጥተሽ ይህን ደብዳቤ ከእሱ ትቀበዪዋለሽ።

ስለ ፋብሪካችን የማሽን ሰው፣ ስለ ጋሽ ቼን የነገርሽኝ ነገር ከራሴ አልወጣ ብሏል። እንደገባኝ ልድገመውና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። እዚያ ቻይና ያለችው ሚስታቸው በሕልሟ ታያቸዋለች። የብረት በር ይዘው ይቆማሉ፤ አይወጡም፣ አይናገሩም። ሦስት ጊዜ ይህንኑ ብታይ፣ ዳኦ ብለሽ የጻፍሽልኝ ሃይማኖት ቄስ ጋ ሄደች። ቄሱም፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ የመጣልሽ አመዱ ነው እንጂ ነፍሱ አልመጣችም፣ ሰው ከአገሩ ርቆ በድንገት ሲሞት ነፍሱ መንገድ ይጠፋባትና እወደቀበት ቦታ ትቀራለች አላት። መጨረሻ ሰሞን የለበሰው ልብስ ሳይታጠብ ይምጣ አለ። የሚወስደው ሰው እሞተበት ቦታ ላይ ቆሞ በሙሉ ስሙ ይጥራው፣ ከዚያ በር ሲደርስ በር ነው፣ ድልድይ ሲደርስ ድልድይ ነው እያለ ይንገረው፤ ካልነገረው ነፍስ እዚያው ትገተራለች። ይኸም ሁሉ መቶኛው ቀን ሳያልፍ ነው። መስከረም 2 ነው የሞቱት፤ መቶኛው ታኅሣሥ 11 ይውላል።

አንቺ ግራጫውን ጃኬት ላኪልኝ አልሽኝ። እኔ አጥቤ ለነዳያን ሰጠሁት አልኩሽ። አንቺም ዝም አልሽ፤ እንዲያ ዝም ስትዪ አባትሽን ነው የምትመስዪው። ታዲያ ምን ላድርግ? በእኛ ደንብ የሞተ ሰው ልብስ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ለድሃ ይሰጣል። አሥራ አንድ ዓመት የዚህ የቆርቆሮ ፋብሪካ ልብስ አጣቢ ሆኜ ስኖር፣ ላብ ያለበት ልብስ እንዳለ ይቀመጥ ያለኝ ሃይማኖት ይኸ የመጀመሪያው ነው።

የዶሮውን ነገር ደግሞ ተዪኝ። ነፍስ የአውራ ዶሮ ድምፅ ትከተላለችና ነጭ ዶሮ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው ብላለች ሚስታቸው አልሽኝ። ልጄ፣ በዚህ በነቢያት ጾም ነጭ አውራ ዶሮ አንጠልጥዬ በቃሊቲ መንገድ ስሄድ ያየ ሰው ምን ይላል? ብዙወርቅ ጠንቋይ ቤት ዶሮ ልታዞር ነው ይላል። የነፍስ አባቴ መምሬ ሰይፈሥላሴ ቢሰሙ የሚያዙብኝን ስግደት ይኸ ጉልበት አይችለውም።

እሳቸውንም ጠይቄያቸው ነበር። አርባው ሲደርስ ሄጄ፣ አባ፣ አንድ የማውቀው ሰው ሞቶ ነበር፣ ስሙን ይጥሩልኝ አልኳቸው። የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። የለውም አልኩ። "ማተብ ያላሰረውን ሰው ፍትሐት ላይ ምን ብዬ ልጥራው፣ ልጄ?" አሉኝ፤ ተቆጥተው አይደለም። "አንቺ ምጽዋት ስጪ። ምጽዋት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።" ንፍሮ ቀቅዬ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት አደልኩ። የበላው ሁሉ "ነፍስ ይማር" አለ። የማንን ነፍስ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እንግዲህ አየሽው። እኛ ቤት ስም የላቸውም፣ እነሱ ቤት መንገድ የላቸውም።

ስለ ነፍስ የነገሩኝን ነግሬሽ አላውቅም። አንድ ቀን ስተኩስ፣ እንደልማዳቸው ባልዲ ደፍተው ተቀምጠው ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ፣ ሰው ያለው አንድ ነፍስ አይደለም፣ አሥር ነው አሉኝ። ሰባቱ ከሥጋ ጋር አፈር ይገባሉ። ሦስቱ ይቀራሉ። አንዷ ለፍርድ ትሄዳለች፣ አንዷ መቃብር ትጠብቃለች፣ አንዷ ግን ቤቷ ተመልሳ ስሙ የተጻፈበት እንጨት ላይ ትቀመጣለች። እኔም "ለአንዷ ንስሐ ገብቼ አልጨረስኩም፣ አሥር ከሆነማ አለቀልኝ" አልኳቸው። እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፣ መቼም አትረሺውም።

ኅዳር ሲታጠንስ? የመጡ ዓመት ከየግቢው ጭስ ሲወጣ አይተው፣ የሙታን ቀናችን መስሏቸው ሮጠው ክፍላቸው ገቡ። ወረቀት እንደ ብር ቆርጠው አጣጥፈው አመጡና ከቆሻሻችን ጎን ለእናት ለአባታቸው አቃጠሉ። በረኛው ቡልቻ "ኧረ እኛ ቆሻሻ ነው የምናቃጥለው" ቢላቸው፣ ታዲያ ለምን በዚህ ቀን አሉት። እሱም በድሮ ዘመን በኅዳር ወር በሽታ ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዳለቀ፣ ከዚያ ወዲህ እንደምናጥን ነገራቸው። "ያው የሙታን ቀን ነው" አሉና ወረቀታቸውን ማቃጠል ቀጠሉ። ዘንድሮ እኔ አቃጠልኩላቸው። ከድሮ ደብተርሽ ባዶውን ገጽ ቀድጄ፣ እሳቸው እንደሚያደርጉት አጠፍኩት። እሳቸው የቻይንኛ ፊደል የጻፉልሽን ገጽ አልነካሁም። እዚያ ያደረሰሽ እሱ ነው።

ግቢው እንደምታውቂው ነው። ባለቤቱ ጥሬ ዕቃ ሲገባ እመለሳለሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ የቀረነው እኔና ቡልቻ ነን፤ እሱ በር ላይ፣ እኔ ከኋላ ባለችው ክፍሌ። ትልቁ የመኪና በር ከተዘጋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ በትንሿ ጎንበስ ብለን ነው የምንወጣው። እኔማ ለቤተ ክርስቲያንና ለአስቤዛ ካልሆነ አልወጣም። ከአጥሩ ውጭ ከባድ መኪናው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ውስጡ ጭር ብሏል። በየሳምንቱ የሄዱትን ሠራተኞች የአሥራ ስድስት አልጋ አንሶላ አጥባለሁ፤ ማንም ያልተኛበትን። አክስትሽ መዓዛ "እኔ ጋ ነይ፣ ምን አሰረሽ?" ትለኛለች። አንቺም እንደዚያው። አደራ አለብኝ እላችኋለሁ። እሳቸው የወደቁበት ቧንቧ ጋ ውኃ ልቀዳ ስሄድ "ይቅርታ" ብዬ ነው የማልፈው። መብራት ጠፋ፣ ነገ እቀጥላለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። ልቀደው ነበር፤ የዶሮው ነገር ያስቅሻል ብዬ ተውኩት። ግን ውሸት አለበት።

ጃኬቱ አልታጠበም። ለማንም አልተሰጠም። እኔ ጋ ነው።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ቼንን አንቱ እያልኩ አልጽፍልሽም። ከሠራተኛው የለቀመው አማርኛ ውስጥ አንቱ የሚባል ስላልነበረ፣ እኔም አንተ ስለው ነው የኖርኩት። ሰው ፊት ብቻ ነበር አንቱ የምለው።

የአዲስ ዓመት ዕለት መጣና ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝ። የውስጥ ኪሱ በአንድ ጎኑ ተተርትሯል፤ ለራስ ምታቱ የሚቀባት የቅባት ቆርቆሮ እየወደቀችበት ነው። የክር ሣጥኔን ራሱ ከፍቶ ግራጫውን ክር መረጠና እጄ ላይ አስቀመጠው። ነገ እሰፋዋለሁ አልኩት። "አይቸኩልም" አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧው ጋ ሄደና እዚያው ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ውኃው ይፈስሳል፤ መጀመሪያ ያደረግሁት ቧንቧውን መዝጋት ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ውኃው እላዩ ላይ እንዳይሄድ ዘጋሁት።

ሌላውን ልብሱን በሙሉ አጥቤ ሰጥቻለሁ፣ ያ እውነት ነው። ለጃኬቱ ሦስት ጊዜ ውኃ ቀዳሁ፣ ሦስቴም ደፋሁት። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ አፉን አስሬ፣ ሣጥኔ ሥር አስቀመጥኩት። እንዳይበንብኝ። የሰው ሽታ በሳሙና ሳስለቅቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ ይኸን ልታምኚ ትችያለሽ? ማሽን ዘይት ዘይት ይላል፣ ያቺ ቅባቱም አለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እፈታዋለሁ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ አስረዋለሁ።

ምንም አልነበረም፣ ሩቴ። በእመቤቴ ስም ነው የምልሽ። ሚስት አለው፤ ፎቶዋን አሳይቶኛል፣ እኔም ቆንጆ ናት ብዬዋለሁ። እኔ እተኩሳለሁ፣ እሱ ይቀመጣል። ሲመሽ "ብዙወርቅ፣ ደከመሽ?" ይለኛል። ይኸው ነው። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ደከመሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለም አልጠየቀኝም።

ሴትዮዋ ሕልም አየች ስትዪኝ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ነው ያለኝ። የብረት በር ይዞ ቆሟል ስትዪኝ፣ እንግዲያው አልሄደም፣ እዚሁ ነው አልኩ። ልብሱን ላኪ ስትዪኝ ደግሞ ወደ ሣጥኔ ዞርኩ። ጃኬቱ ከሌለ መንገድ የለውም፣ መንገድ ከሌለው አይሄድም። ስለዚህ አጠብኩት አልኩሽ። አየሽ፣ እኔ ማተቤን ያሰርኩ ክርስቲያን ነኝ፤ ነፍስ በጃኬት ትመላለሳለች ብዬ አላምንም። አላምንም እያልኩ፣ በማላምንበት ነገር ሰው አሰርኩ። እሱን ዘግቼበት እኔም አብሬው ተዘጋሁ። አደራ አለብኝ የምላችሁ ይኸው ነው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክቷን ዛሬ ጠዋት እንደገና ሰማሁት። አለቃቀሷ ጮክ አይልም፣ ትንፋሿ ነው የሚቆራረጠው። ከምትለው ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ገባኝ። "ሁይ ጃ።" ማታ ማሽኑን ሲያጠፋ ለሠራተኛው የሚላት ናት፦ ወደ ቤት እንሂድ። እሷ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃዋለች። እኔ ሦስት ወር ያዝኩት።

ስለዚህ ጃኬቱን አወጣሁት። ልስፋው ብዬ ስገለብጠው ያቺ ኪስ በአንድ ጎኗ ተንጠልጥላለች። መቀስ አነሣሁ። ኪሷን ብቻ ላስቀር አልኩ፤ ከአሥሩ አንዷ ብትቀር ማን ይቆጥራል? አንዱን ክር ቆረጥኩ። ያቺ አንዷ ቤቷ የምትመለሰዋ ብትሆንስ ብዬ አሰብኩና እጄ እምቢ አለኝ። መቀሱን አስቀምጬ ሰፋሁት። ጥሩ ስፌት ነው፤ አይተረተርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 26፣ አቃቂ በሰቃ

ይኼን የምጽፍልሽ ኑሪ ሱቅ ውስጥ፣ የጫማ ካርቶን ላይ ነው። ጃኬቱ ጭኔ ላይ ነው።

ጠዋት ቧንቧው ጋ ሄድኩ። እንደነገርሽኝ በሙሉ ስሙ ሦስት ጊዜ ጠራሁት። ቼን ዌንሊን፣ ቼን ዌንሊን፣ ቼን ዌንሊን። "ተነሥ፣ ሁይ ጃ" አልኩት። መልስ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ምንም። እንደ እብድ ብቻዬን ቆምኩ። ከዚያ ጃኬቱን ክንዴ ላይ አድርጌ ተነሣሁ።

በሩ ጋ ስደርስ "በር ነው፣ ዝቅ በል" አልኩት። ቡልቻ ሰማኝ። ጃኬቱን አየው፣ እኔን አየኝ። "የጋሽ ቼን ነው?" አለ። አዎ፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው አልኩት። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ወዲያ ገፋና ወደ ትልቁ በር ሄደ። መወርወሪያው ዝጎ እምቢ አለው፤ በድንጋይ መታው። አንዱን ተከፋች ገፍቶ፣ ተመልሶ ሌላውን ገፋ። ሁለቱንም እስከ ጥግ ከፈተው። "ዘጠኝ ዓመት አብሮን የሠራ ሰው ጎንበስ ብሎ አይወጣም" አለ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ታክሲ ውስጥ ለጃኬት እያወራሁ መሄዱ ስላሳፈረኝ በእግሬ ነው የመጣሁት። ጉልበቴ የራሱን አለ። ዋናውን መንገድ ስንሻገር "መኪና ነው፣ ቆይ" አልኩት። የድሮው ሐዲድ ጋ "ሐዲድ ነው፣ ባቡሩ ከቀረ ቆይቷል" አልኩት። ድልድዩ ላይ ስደርስ እግሬ አልሄድ አለኝ። የአቃቂ ወንዝ ያው እንደልማዱ ጠቁሯል፣ ይሸታል። አንድ ቃል ሳልናገር ብሻገር፣ ቄሱ እንዳለው፣ እሱ ከወዲህ ማዶ ይቀራል። ማንም አያውቅብኝም፤ ጃኬቱም ተላከ ይባላል። ሰው እየገፋኝ ሲያልፍ ብዙ ቆየሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ "ማዘር፣ አመመሽ እንዴ?" ብሎ ቆመልኝ። የለም፣ ደክሞኝ ነው አልኩት።

ከዚያ "ድልድይ ነው፣ ቼን" አልኩ። "እየተሻገርን ነው።" ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ተሻገርን።

ኑሪ መጀመሪያ ሳቀብኝ። "እትዬ ብዙወርቅ፣ እንግዲህ አውሮፕላን ውስጥ ለጃኬት ላወራ ነው?" አለኝ። አዎ፣ ስትነሡ እየተነሣን ነው በለው፣ ባሕር ላይ ስትደርሱ ባሕር ነው በለው አልኩት። "በምን ቋንቋ?" አማርኛ ይሰማል አልኩት። "በስልጥኛም እጨምርለታለሁ፣ መንገድ ላይ ወሬ አይጠላም" አለኝ። ሻንጣ ውስጥ ታፍኖ አይሄድም፣ በእጄ ነው የምይዘው ብሎ ቃል ገብቶልኛል። አንቺም በባቡር ስትወስጂው ዋሻ በመጣ ቁጥር ንገሪው። ዋሻ አይወድም፤ ሲጨልምበት ዝም ይላል።

እኔ አሁን ወደ ግቢው እመለሳለሁ። አክስትሽ ጋ ሂጂ ትዪኛለሽ፤ እሄድ ይሆናል። ግን ልንገርሽ፣ ለእሱ በር ነው፣ ድልድይ ነው የሚለው ሰው ነበረው። እኔን የሚጠራኝ የለም፤ ሁሉ ሰው አጣቢዋ፣ እትዬ፣ የሩት እናት ነው የሚለኝ። ስትደውዪ ማሚ ከማለትሽ በፊት አንድ ጊዜ በስሜ ጥሪኝ። ብዙወርቅ፣ በር ነው፣ ውጪ በዪኝ። ምናልባት እግሬ ይሰማ ይሆናል።

የምትሻገሪውን ሁሉ በሰላም ተሻገሪ። መንገድሽን የሚነግርሽ ሰው አይጥፋ፣ ደከመሽ የሚልሽም ሰው አይጥፋ። እመቤቴ በጥላዋ ትጋርድሽ። ካልሲውን አትርሺ።

እናትሽ
ብዙወርቅ

ይኸን ረስቼው፦ የውስጥ ኪሱ የተሰፋው በሰማያዊ ሐር ነው፤ ለማተብ ከገዛሁት የተረፈ። ሚስቱ ገልብጣ ማየቷ አይቀርም። ማን ሰፋው ካለችሽ፣ አጣቢዋ ናት በያት። ግራጫ ክር አጥታ ነው በያት።